ስድስት ብልቃጥ

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር በጂንካ የኢቦላ ዘመድ የሆነው የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱን ካስታወቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ አጎቴ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። ጋሼ ብዬ የምጠራቸው እኚህ ሰው ሐዋሳ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆዩ፣ የነጋዴዎች ዕቁብ ዳኛ የሆኑ፣ ነገር ሲጠይቁም ዙሪያ ጥምጥም የማይወዱ ሰው ናቸው። የልጆቼን ደኅንነት እንኳ ሳይጠይቁ፣ «ያ እኔን ያዳነኝ መድኃኒት ለዚህኛውም ይሰጣል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ሬምዴሲቪር በሩዋንዳ ለማርበርግ ሕሙማን ተሰጥቷል ጋሼ፤ ይሠራ አይሠራ ግን ገና አልተረጋገጠም» ብዬ መለስኩላቸው። በጥያቄያቸው ውስጥ «እኔን ያዳነኝ» የሚል ቃል እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ስሸሸው የኖርኩት ቃል ስለሆነ ያን ማታም አለፍኩት። እርሳቸው ግን አላለፉትም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ በኋላ በተነጋገርነው ነገር ላይ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ኮቪድ በአገራችን ብርቱ ማዕበል ባነሣበት ወቅት ጋሼ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ተኙ። ሲገቡ ሕመሙ ከጀመራቸው ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር፤ የደማቸው የኦክስጅን መጠን ያለ እገዛ ሲለካ 84 ከመቶ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስም ሁለት ጊዜ ማረፍ ያስፈልጋቸው ነበር። ኦክስጅንና የሰውነትን ብግነት የሚያበርደው ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት በዚያው ቀን ተጀመረላቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ተረኛ ሐኪም በቁራጭ ወረቀት ላይ «ሬምዴሲቪር» ብሎ ጽፎ ለአጎቴ ልጅ ሰጠውና፣ እኛ ዘንድ እንደሌለ፣ አዲስ አበባ ቢፈለግ ግን ሊገኝ እንደሚችል ነገረው። የአጎቴ ልጅ ያን ዕለት ባጃጅ ነበረው። በማግስቱ አልነበረውም።

መድኃኒቱ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከሚኒባስ ሹፌር ወንበር ሥር ተቀምጦ፣ የሞጆንና የዝዋይን ሙቀት አቋርጦ ማታ ደረሰ። ስድስት ብልቃጥ ነበር። ስድስት የሆነበት ምክንያት በመጀመሪያው ቀን 200 ሚሊግራም፣ ከዚያ በኋላ ለአራት ቀናት በየቀኑ 100 ሚሊግራም ስለሚሰጥና እያንዳንዱ ብልቃጥ 100 ሚሊግራም ስለሚይዝ ነው። ዱቄቱ በመደበኛ የክፍል ሙቀት ሊቀመጥ የሚችል በመሆኑ መንገዱ አበላሽቶታል ብዬ አልሰጋሁም፤ የሰጋሁት ብልቃጡ ውስጥ ያለው በእርግጥ ስሙ የተጻፈው ነገር መሆኑን የማረጋግጥበት መንገድ ስላልነበረኝ ነው። ሆኖም በጥብጬ ሰጠኋቸው። ከአራት ቀን በኋላ የኦክስጅን ፍላጎታቸው መቀነስ ጀመረ፤ ሆስፒታል በገቡ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ቤተሰቡም በግ አርዶ ጎረቤት ጠራ። በዚያ ግብዣ ላይ ሁሉም ሰው ስለ ስድስቱ ብልቃጦች አወራ፤ ስለ ዴክሳሜታዞኑ፣ ስለ ኦክስጅን ሲሊንደሩና ሲሊንደር ሲያልቅ ሌላ እየገፋ ስለሚያመጣው የጥበቃ ሠራተኛ ያነሣ አልነበረም። እኔም አላነሣሁም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድለት መናገር አለብኝ። ያ መድኃኒት ሲሰጥ ጋሼን ማንም «ይህ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ይሰጥዎት ወይስ ይቅር?» ብሎ አልጠየቃቸውም። የሆነውን ሁሉ የወሰኑት ልጃቸውና ሐኪሙ ነበሩ። የጉበትና የኩላሊት ምርመራ አንድ ጊዜ ተደርጎ አልተደገመም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት ወር በፊት፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ ሆስፒታል ለተኙ የኮቪድ ሕሙማን ሬምዴሲቪር እንዳይሰጥ የሚመክር መመሪያ ማውጣቱን እኔ አንብቤ ነበር። ምክሩ «ቅድመ ሁኔታ ያለበት»፣ ማለትም ጽኑ ያልሆነ፣ ነበር፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በበኩሉ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ያንኑ መድኃኒት አጽድቆ ስለነበር ሐኪሙን አጥፊ ነው ለማለት አልደፍርም። ግን አውቅ የነበረውን ባጃጁ ከመሸጡ በፊት ለአጎቴ ልጅ ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም፤ ምክንያቱም ተስፋ እንዲኖረን እኔም ፈልጌ ነበር።

ስለ መድኃኒቱ ሥራ ጥቂት ልበል፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ነገር ግልጽ አይሆንም። ቫይረሱ በሰው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የራሱን ቅጂ ሲያባዛ የዘር መልእክቱን ፊደል በፊደል ይሰካካል። ሬምዴሲቪር ከእነዚህ ፊደሎች አንዱን ይመስላል፤ የቫይረሱ መገልበጫ ኢንዛይም በስሕተት ሲሰካው ቅጂው ከጥቂት ፊደል በኋላ ይቆማል። ስለዚህ ጥቅም ካለው የሚኖረው ቫይረሱ በብዛት በሚራባባቸው የመጀመሪያ ቀናት ነው። ጋሼ የገቡት በዘጠነኛው ቀን፣ መድኃኒቱ የደረሰላቸው በአሥራ ሁለተኛው ነው። በዚያን ጊዜ ሳንባቸውን ይጎዳ የነበረው በአመዛኙ የገዛ ሰውነታቸው ቁጣ ነበር፤ ዴክሳሜታዞን የሚያበርደውም ይህንኑ ነው። የዴክሳሜታዞን ነገር ደግሞ በግምት የቀረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር «ሪከቨሪ» በተባለው ታላቅ ጥናት፣ ውጤቱ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው፣ መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት ሕሙማን መካከል መድኃኒቱን ካላገኙት 41.4 ከመቶ ሲሞቱ ካገኙት የሞቱት 29.3 ከመቶ ናቸው፤ በኦክስጅን ብቻ ከሚረዱት መካከልም ቁጥሩ ከ26.2 ወደ 23.3 ወርዷል። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን ግን አልጠቀመም፤ እንዲያውም የመጉዳት አዝማሚያ አሳይቷል። በየመድኃኒት ቤቱ ለዓመታት በርካሽ ሲሸጥ የኖረ መድኃኒት ነው፤ ለዚህም ይሆናል ለእርሱ ባጃጅ የሸጠ ሰው የማላውቀው።

ሬምዴሲቪር ከኮቪድ በፊትም ታሪክ ነበረው። ጊሊያድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሌሎች ቫይረሶች የጀመረው ምርምር ውጤት ሲሆን፣ ኋላ በኢቦላ ላይ ተሞከረ። ሙከራው «ፓልም» ይባላል፤ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዴሞክራቲክ ኮንጎ ምሥራቅ፣ በቤኒ፣ በቡቴምቦና በአካባቢያቸው ባሉ የሕክምና ማዕከሎች ተካሄደ፤ ዙሪያው ሁሉ የተኩስ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ነበር። አራት መድኃኒቶች በዕጣ ለሕሙማን ይሰጡ ነበር፤ ዚማፕ፣ ሬምዴሲቪር፣ ኤምኤቢ114 እና ሬጅን-ኢቢ3።

ከአራቱ መካከል በዓለም የታወቀው ዚማፕ ነበር። በትንባሆ ቅጠል ውስጥ የሚመረት የፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም ቫይረሱን የሚይዙ ፕሮቲኖች፣ ድብልቅ ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም. ክረምት በላይቤሪያ ኢቦላ የያዛቸው ሁለት አሜሪካውያን ተሰጥቷቸው በመትረፋቸው ስሙ በየቴሌቪዥኑ ገነነ። በዚያው ሰሞን በሴራሊዮን የኢቦላን ሕሙማን ሲያክም የነበረው ስመ ጥሩው ዶክተር ሼክ ኡመር ካን በበሽታው ተይዞ ካይላሁን ተኝቶ ነበር፤ ያው መድኃኒት በማዕከሉ ይገኝ ነበር። ሐኪሞቹ ተከራከሩ። እስከዚያ ቀን በሰው ላይ ተሞክሮ የማያውቅ ነገር ሰጥተውት ቢሞት ሕዝቡ ምን ይላል? ባይሰጡትና ቢሞትስ? ላለመስጠት ወሰኑ፤ እንደተዘገበው ለራሱ አልነገሩትም። ዶክተር ካን ሐምሌ 22 ቀን 2006 ዓ.ም. ሞተ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጉዳይ አይደለም፤ የቫይረሱን ጠባይ ከዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሐኪም ስለ ገዛ ሕይወቱ አለመጠየቁ ነው። ጋሼን ያልጠየቅናቸውም በዚያው መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ሰጠን፣ እነርሱ ነፈጉ።

ወደ ፓልም ልመለስ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. መካከለኛ ውጤቱ ሲታይ ሙከራው እንዲቆም ተደረገ፤ ልዩነቱ ግልጽ ሆኖ ነበርና። በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ዚማፕ ከተሰጣቸው 49.7 ከመቶ፣ ሬምዴሲቪር ከተሰጣቸው 53.1 ከመቶ ሞቱ። ኤምኤቢ114 በተሰጣቸው ዘንድ ቁጥሩ 35.1፣ ሬጅን-ኢቢ3 በተሰጣቸው ዘንድ 33.5 ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚመጡ ሕሙማን የሚሰጡት ሁለቱ የተሻሉት ብቻ ሆኑ፤ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ዛየር ለተባለው የኢቦላ ዓይነት የሚመክራቸውም እነርሱ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ኤምኤቢ114፣ በ1987 ዓ.ም. በኮንጎዋ ኪክዊት ከተነሣው ኢቦላ ከተረፈ ሰው ደም የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያኔ ፕሮፌሰር ዣን-ዣክ ሙዬምቤ የተባሉት ኮንጎዋዊ ሐኪም ባልደረቦቻቸውን ይዘው ከበሽታው ያገገሙ ሰዎችን ደም ለስምንት ሕሙማን ሰጥተው ሰባቱ ተርፈው ነበር። ሰባት ከስምንት ሲሰማ ተአምር ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሎች ሳይንቲስቶች «ምናልባት መጀመሪያውኑ የሚተርፉ ሰዎች ቢሆኑስ?» ብለው ጠየቁ፤ ለዚህ መልስ የሚሰጥ ንጽጽር አልነበረም። የኤምኤቢ114 ጥቅም በዕጣ ተለክቶ የታወቀው ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ነው።

ለጋሼ ያን ማታ በስልክ ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። በሚቀጥለው እሑድ ሱቃቸው ሄጄ፣ ፒስተንና ፍሬን ሸራ በተደረደረበት መደርደሪያ ሥር ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው። ዕጣ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ታማሚ ሰው ላይ ዕጣ ይጣላል? የቤተ ሙከራ አይጥ አደረጋችሁን ማለት ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ በዕቁቡ ለምንድን ነው ዕጣ የምታወጡት? እርስዎ ዳኛው የቸገረውን ሰው እያዩ ለምን አይሰጡም?»

ለመመለስ ጊዜ አልወሰደባቸውም። «እኔ ከመረጥኩ ለዘመዴ አደላለሁ፤ ባላደላም አድልቷል ይሉኛል።»

ሐኪምም እንዲሁ ነው አልኳቸው። ያዘነለትን፣ ወጣቱን፣ ገና ያልደከመውን፣ ገንዘብ ያለውን ሰው እየመረጠ አዲሱን መድኃኒት ቢሰጥ የተረፉት በመድኃኒቱ ይትረፉ በወጣትነታቸው ወይም ቀድመው በመምጣታቸው መለየት አይቻልም፤ ዕጣው ግን ብርቱውንና ደካማውን በሁለቱም ወገን እኩል ያከፋፍላል። በኮንጎ ቤተሰቦች እንዲመርጡ ተፈቅዶላቸው ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ስሙን የሰማውን ዚማፕን ይሆን ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ጋሼ ለአፍታ ዝም ብለው፣ ከዚያ እኔ ያልተዘጋጀሁበትን ነገር ተናገሩ። «በዕቁብ ግን ዛሬ ያልወጣለት ነገ ይወጣለታል። ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። የአንተ ዕጣ ግን ያልወጣለትን ሰው ይቀብረዋል።»

ትክክል ናቸው፤ ምሳሌዬ እዚያ ላይ ይሰበራል። የምችለውን ያህል መለስኩላቸው፦ በፓልም ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ከአራቱ አንዱን አግኝቷል፣ ጉሉኮሱና ሌላው እንክብካቤ ለሁሉም አንድ ነበር፣ የሚበልጠው እንደታወቀም ዕጣው ቆሟል። ደግሞም ያን ቀን ዕጣው የከፋበት የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቢያውቅማ ዕጣ ማውጣቱ ወንጀል ይሆን ነበር። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተስማሙ ግን አልመሰለኝም።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። «እኔስ? እኔን ያዳነኝ የቱ ነው?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ 1,062 ሕሙማን በተካፈሉበት ጥናት ሬምዴሲቪር ያገኙት በአማካይ በ10 ቀን፣ ያላገኙት በ15 ቀን እንዳገገሙ፤ በሞት ረገድ የታየው ልዩነት ግን እርግጠኛ ለመሆን እንደማያበቃ ነገርኳቸው። የዓለም ጤና ድርጅት «ሶሊዳሪቲ» በተባለውና ብዙ ሺህ ሕሙማን ባሳተፈው ጥናት፣ በ2014 ዓ.ም. በወጣው የመጨረሻ ውጤት፣ መድኃኒቱን ካገኙት 14.5 ከመቶ፣ ካላገኙት 15.6 ከመቶ እንደሞቱ፤ መተንፈሻ መሣሪያ ላይ የነበሩትን ምንም እንዳልጠቀመ፣ እንደ እርሳቸው በኦክስጅን ይረዱ የነበሩትን ግን ጥቂት ሳይጠቅም እንዳልቀረ ጨምሬ ነገርኳቸው። ስለዚህ «ጥቂት ረድቶዎት ሊሆን ይችላል፤ ዴክሳሜታዞኑና ኦክስጅኑ ግን የበለጠ እንደረዱዎት አምናለሁ፤ ስለ እርስዎ ለብቻዎ ከጠየቁኝ ግን ማወቅ አይቻልም» አልኳቸው። ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚታመመው፤ ያንኑ ሕመም ያለ መድኃኒቱ ደግሞ ታሞ ማወዳደር አይችልም።

«ጸሎቱንም ጨምር» አሉኝ። ጨመርኩ።

ስለ ማርበርግ ለጠየቁኝም እዚያው መልስ ሰጠሁ። በሩዋንዳ በሽታው ይፋ የሆነው መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በእኛ የመስቀል ዕለት ነበር። 66 ሰው ተይዞ 15 ሞተ፤ አብዛኞቹ የተያዙት የጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ይህን ቁጥር ሲያነብ ዝም ብሎ አያልፈውም። በቀደሙት ወረርሽኞች የሟቾች ድርሻ ከ24 እስከ 88 ከመቶ ነበርና 23 ከመቶ ያህል መሆኑ ብዙ ሰው አስደነቀ። ሬምዴሲቪርና ኤምቢፒ134 የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ለሕሙማኑ ተሰጥተዋል። ነገር ግን ሕሙማኑ ቶሎ ተገኝተዋል፣ በደንብ በተደራጀ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታክመዋል፣ መተንፈሻ ቱቦ የገባላቸው ሁለት ሰዎችም ቱቦው ወጥቶላቸው ተርፈዋል፤ ብዙዎቹም ገና በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ የመድኃኒቶቹ ድርሻ ምን ያህል ነው? በዕጣ የተከፋፈለ ንጽጽር ስላልተደረገ መልሱ እንደ ጋሼ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል።

ይህን ስል በወረርሽኝ መካከል መድኃኒት ይከልከል ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በነሐሴ 2006 ዓ.ም. የሰበሰባቸው የሥነ ምግባር ሊቃውንት ሌላ ሕክምና በሌለበት ያልተረጋገጠ መድኃኒት መስጠት ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ወስነዋል፤ ነገር ግን ታማሚው አውቆ እንዲፈቅድ፣ የተገኘውም መረጃ ሁሉ ተመዝግቦ ለሌሎች እንዲደርስ፣ በተቻለ መጠንም ወደ መደበኛ ሙከራ እንዲገባ ጠይቀዋል። ለእኛ ከባዶቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ፈቃድን በተመለከተ፣ ለቀዶ ሕክምና እንደምናስፈርመው ወረቀት አድርገን፣ አስታማሚው በጭንቀት ሳያነበው የሚፈርመው ነገር ከሆነ ባይኖር ይሻላል፤ በሲዳምኛም በአማርኛም ሰው በሚገባው ቋንቋ «አናውቅም» የሚለውን ቃል አፍ አውጥቶ መናገር ነው ፈቃድ መጠየቅ ማለት። ሐኪም ፊት ለፊት «አናውቅም» ሲል የሰማሁት በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው። ነርስም እንዲሁ፤ ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው።

ምዝገባውን በተመለከተ አንድ ነገር አደረግሁ። ከጋሼ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ሰኞ ዕለት ካርድ ክፍል ሄጄ፣ ጋሼ ፈቅደውልኝ፣ የ2013 ካርዳቸውን አስፈለግሁ። ሁለት ቀን ፈጅቶ ተገኘ። «ሬምዴሲቪር ተጀመረ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። የብልቃጡ የምርት ቁጥር አልተጻፈም፣ የአምራቹ ስም አልተጻፈም፣ በስንተኛው የሕመም ቀን እንደተጀመረ አልተጻፈም፣ ሲያልቅም ማለቁ አልተጻፈም። በዚያ ዓመት በየሆስፒታሉ ስንት ቤተሰብ ምን እየሸጠ ስንት ብልቃጥ እንዳመጣ አላውቅም፤ በአንድ መዝገብ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ገዛ ሕሙማኖቻችን የምንናገረው አንድ ነገር ይኖረን ነበር።

ጋሼ የነገርኳቸውን ለልጃቸው ራሳቸው ነገሩት። በማግስቱ ደወለልኝና እንዳልተቆጣ አስቀድሞ ነገረኝ። አሁን የሚሠራው በሰው ባጃጅ ነው፤ የራሱን መልሶ አልገዛም። «ባጃጁ አይቆጨኝም» አለ፤ «ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ማታ ወረቀት አምጥተህ አባትህን ዕጣ ውስጥ እናስገባው ብትለኝ ኖሮ እምቢ ነበር የምልህ።»

እኔም ያን ማታ እምቢ እል ነበር። ይህንኑ ነገርኩት።